የናፍታ ታንኬ ክዳን ይወዛል፤ በምን ልድፈነው?

ሮቢት_ደብረብርሃን

ጤና ይስጥልኝ። ከደብረ ብርሃን ሸዋ ሮቢት የምመላለስ የጭነት መኪና ሹፌር ነኝ። ወደ ታች ሲሚንቶ፣ ወደ ላይ ሽንኩርትና ማሾ እጭናለሁ። አንድ ነገር አስቸግሮኝ ነው የመጣሁት።

የመኪናዬ ሳልባትዮ 200 ሊትር የሚይዝ የብረት ታንክ ነው። አናቱ ላይ የነዳጅ ጌጁን የያዘ ክብ ክዳን አለ፤ በ5 ብሎን ታስሯል። በዚያ ክዳን ዙሪያ ናፍታ ይወዛል። ጠብ ጠብ አይልም። ግን ሁሌ እርጥብ ነው፤ የመንገዱ አቧራ ይለጠፍበትና ጭቃ ይሠራል። ከደብረ ሲና ወደ ጣርማበር ስወጣ ደግሞ ሽታው ጋቢና ድረስ ይገባል። ረዳቴን ራሱን ያመዋል።

ጋራዥ ወስጄው ቀይ ሲሊኮን ቀቡልኝ። ለጥቂት ቀን ደረቀ። ከዚያ ሲሊኮኑ ልሞ፣ አብጦ ተላጠ። ደግመው ቀቡት፤ ያው ሆነ።

ሌላም ነገር አለ። ሸዋ ሮቢት ደርሼ የመሙያውን ክዳን ስከፍት «ፉፉፉ» ብሎ አየር ወደ ውስጥ ይስባል። ይሄ ከመወዛቱ ጋር ይገናኛል? የላዩን ክዳንስ በምን ልድፈነው? ናፍታ በዚህ ዋጋና በዚህ ሰልፍ ጠብታውም ያሳዝናል።

ብረት_በብረት

ወንድሜ አትድከም። ብሎኖቹን አውልቀህ ዙሪያውን አስበይደው። ጌጁ ቢቀርስ? በዱላ ትለካለህ። እንዲህ የሚሄዱ መኪኖች አውቃለሁ።

የድሮ_መካኒክ

ኧረ በእግዚአብሔር! ይሄን ምክር ማንም እንዳይሰማ።

ነዳጅ የነካው ታንክ አይበየድም። «ባዶ ነው» ማለት አያድንም፤ እንዲያውም ባዶው ከሙሉው ይብሳል። ሙሉ ታንክ ውስጥ ለመቀጣጠያ የሚሆን አየር የለም። ባዶው ውስጥ ግን አየርም አለ፣ ከላሜራው ላይ የቀረ ስስ ናፍታም አለ። ናፍታ እንደ ቤንዚን በቀላሉ አይቀጣጠልም፤ እውነት ነው። ቤንዚን ከዜሮ በታች በ40 ዲግሪ ብርድ እንኳ የሚቀጣጠል እንፋሎት ይሰጣል። ናፍታ ከ50 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ግን የብየዳ እሳት በሺህ የሚቆጠር ዲግሪ ነው። ያቺ ስስ ናፍታ ወዲያው ትተንና ታንኩ ይፈነዳል። በዚህ ምክንያት ዓይናቸውንና ሕይወታቸውን ያጡ በያጆች አሉ። ስለዚህ ብየዳውን እርሳው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ ልጄ። ጋራዡ የቀባልህ ተራ ሲሊኮን ለነዳጅ አልተሠራም። ናፍታ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ከብረቱ ይለቃል። የላላው ፍቅፋቂ ደግሞ ታንክ ውስጥ ይወድቅና ናፍታ መምጠጫው ቱቦ ላይ ወይም ፊልትሮ ውስጥ ይሰነቀራል። አንድ ቀን ዳገት ላይ ሞተሩ ይጠፋብሃል፤ ምክንያቱን ስትፈልግ ትውላለህ። ቴፍሎን ጠምጥመው የሚያስሩም አሉ፤ እሱም ተቦጫጭቆ እዚያው ነው የሚሄደው።

የሚያስፈልግህ ትክክለኛ ጋስኬት ነው፤ በክዳኑና በታንኩ መካከል የሚገባው ማሸጊያ ማለቴ ነው። ናይትራይል የሚባለውን ጎማ ጠይቅ፤ ነዳጅና ዘይት የሚችል እሱ ነው። ውፍረቱ 3 ሚሊ ሜትር ቢሆን በቂ ነው። ሻጩ «ይሄው ነው» ቢልህ ዝም ብለህ አትመን። ትንሽ ቁራጭ ቁረጥ፤ ጠርዙን ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ንደፍ። ከዚያ ቁራጩን ናፍታ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ከትተህ አሳድረው። በማግስቱ አውጥተህ ንድፉ ላይ መልሰው። ከንድፉ ከወጣ ወይም በጣትህ ስትጫነው ከለሰለሰ ጣለው።

አሠራሩን ነገ በሰፊው እጽፍልሃለሁ። አሁን መሸ።

ቀወት_መስኖ

ጋሼ፣ ልጠይቅዎት። እኔ ቀወት ሽንኩርት አለማለሁ። ውሃ መሳቢያ ፖምፓዬ ናፍታ ነው የሚጠቀመው። ለታንኩ ክዳን ከመኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆርጠን ነው የምናደርገው። አካባቢው ሁሉ እንዲህ ነው። ሁለት ሦስት ወር ይቆያል፤ ከዚያ ይንዘላዘላል። ይሄ ከዚያው ችግር ነው?

የድሮ_መካኒክ

አዎ ልጄ፣ ያው ነው። የጎማ የውስጥ ላስቲክ የሚሠራው ቡቲል ከሚባል ጎማ ነው። ቡቲል አየር በመያዝ የሚስተካከለው የለም፤ ለዚህም ነው የተመረጠው። ከናፍታ ጋር ግን አይስማማም፤ ይጠጣዋል። ዋጋ የለውምና አልፈርድባችሁም። ግን የናይትራይል ጋስኬት ዋጋው ያን ያህል አይደለም፤ ዓመታት ይቆያል። ውሃችሁ ላይ ናፍታ እየተንጠባጠበ ወደ ማሳው እንዲገባ አትፍቀዱ፤ ሽንኩርቱም አይወደው፣ የሚበላውም ሰው።

ደብረሲና_መምህር

ጋሼ የጋስኬቱን ነገር በደንብ ነግረውታል። እኔ ግን ያቺ «ፉፉፉ» ናት ያስጨነቀችኝ። ፊዚክስ ነው የማስተምረው፤ መንገዱ ደግሞ ደጃፌ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል 2840 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጣርማበር ከ3000 ሜትር በላይ ትወጣለህ። ዋሻውን አልፈህ ስትወርድ ሸዋ ሮቢት 1280 ሜትር ገደማ ላይ ነች። በ100 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ይሄን ሁሉ ትወርዳለህ። የአየር ግፊቱ ደብረ ብርሃን ላይ 71 ኪሎፓስካል አካባቢ ነው፤ ሸዋ ሮቢት 87 አካባቢ። ልዩነቱ በእያንዳንዱ ካሬ ሴንቲ ሜትር ላይ ወደ 150 ግራም ክብደት ነው።

ትንሽ ይመስላል። ግን የታንክህ አንድ ጎን 30 በ60 ሴንቲ ሜትር ቢሆን፣ ጠቅላላው ከ250 ኪሎ በላይ ሆኖ ላሜራውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ታንክህ መተንፈሻው ከተደፈነ ማለቴ ነው። ስትወጣ ደግሞ በተቃራኒው ነው። ሮቢት ላይ የታፈነው ወፍራም አየር ጣርማበር ላይ መውጫ ይፈልጋል። የሚያገኘው ደካማ ቦታ ያ የላይኛው ክዳን ነው። ናፍታውንም ሽታውንም ይዞ ይወጣል። ዳገት ላይ ሽታው የሚበረታው ለዚህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙቀቱንም ጨምርበት። ናፍታ ሲሞቅ ይሰፋል። 200 ሊትር ናፍታ በ20 ዲግሪ ቢሞቅ ከ3 ሊትር በላይ ይጨምራል። በደብረ ብርሃን ውርጭ ጠዋት እስከ አፉ ሞልተህ እኩለ ቀን ሮቢት ብትቆም፣ ያ 3 ሊትር የት ይግባ? ሞተሩም ሳይጠቀም የሚመልሰው ትርፍ ናፍታ ሞቆ ነው ወደ ታንኩ የሚገባው። ስለዚህ እስከ አፉ አትሙላ።

በአጭሩ ወንድሜ፣ ክዳኑን ከመድፈንህ በፊት መተንፈሻውን ክፈት። ያልተነፈሰ ታንክ ላይ ምርጥ ጋስኬት ብታስር፣ ወይ ጋስኬቱን ይገፋል ወይ ታንኩን ይጨማድደዋል።

ሮቢት_ደብረብርሃን

መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ። ይሄን ያስረዳኝ ሰው አልነበረም። መተንፈሻው የት ነው የሚገኘው? የመሙያው ክዳን ላይ ቀዳዳ አላየሁም።

ደብረሲና_መምህር

እንደ መኪናው ይለያያል። አንዳንዱ የመሙያው ክዳን ውስጥ ትንሽ ቫልቭ አለው፤ ከውጭ አይታይም። አንዳንዱ ከታንኩ አናት የምትወጣ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ አለችው፤ ጫፏ ወደ ታች ትንጠለጠላለች። ጭቃ ይደፍናታል፤ ነፍሳትም ጎጆ ይሠሩባታል። አንድ ነገር ልጠይቅህ፦ የመሙያው ክዳን ስር ፌስታል ወይም ጨርቅ አድርጋችኋል?

ሮቢት_ደብረብርሃን

አዎ! መኪናውን ስረከብ ፌስታል ነበረበት። ናፍታ እንዳይረጭ ተብሎ ነው የተደረገው። እኔም አልነካሁትም።

የድሮ_መካኒክ

አገኘናታ! ፌስታሉ የክዳኑን ቫልቭ አፍኖታል። ዛሬውኑ አውጣው። ፌስታል ተቀዶ ታንክ ውስጥ ከወደቀ ቁርጥራጩ መምጠጫው ቱቦ ላይ ይለጠፋል። የመሙያው ክዳን ላስቲክ አልቆ ከሆነ የሚረጨው፣ ላስቲኩ ይቀየር።

ጣና_ዳር

ሰላም ለአገሬ ልጆች። የአንኮበር ልጅ ነኝ፤ እዚህ ባሕር ዳር በጀልባ ጥገና ላይ ነው ያለሁት። ውይይታችሁን ሳነብ የየቀን ሥራዬን ያነበብኩ መሰለኝ፤ ስለዚህ የጀልባውን ልምድ ላካፍላችሁ።

ብዙ ጀልባ ላይ ታንኩ ከወለሉ ስር ነው። እዚያ ሁለት ክዳን አለ፤ ሰው ያምታታቸዋል። አንዱ የወለሉ ክዳን ነው፤ ሥራው ውሃ ወደ ታች እንዳይወርድ ነው። ሁለተኛው የታንኩ የራሱ ክዳን ነው፤ ሥራው ነዳጅና እንፋሎት ወደ ላይ እንዳይወጣ ነው። የወለሉን በጀልባ ማሸጊያ ብትለጥፈው ይሆናል። የታንኩን ግን በዚያው ከለጠፍከው ነዳጁ ይበላዋል። ለያንዳንዱ የራሱን።

ጀልባ ላይ ጉዳዩ የሞትና የሕይወት ነው። ቤንዚን ከሆነ እንፋሎቱ ከአየር ይከብዳል። ሽቅብ አይሄድም፤ የጀልባው ሆድ ውስጥ ወርዶ ይተኛል። መኪና ስር ቢሆን ነፋስ ይወስደው ነበር። ጀልባ ግን ከታች ዝግ ነው። አንዲት የባትሪ ብልጭታ ትበቃዋለች። ስለዚህ ሞተር ከመነሳቱ በፊት ማናፈሻው ቢያንስ 4 ደቂቃ እንዲሠራ ይመከራል። ከዚያም ጎንበስ ብሎ ማሽተት ነው። ወደ ዘጌና ወደ ደሴቶቹ ገዳማት ምዕመን የሚጫንበት ጀልባ ላይ ይሄን የሚዘል ሰው አይቼ ዝም አልልም።

መተንፈሻው ደግሞ ጀልባ ላይ ወደ ውጭ ነው የሚወጣው። ቱቦው ከፍ ብሎ ይታጠፍና አፉ ወደ ታች ይዞራል፤ ማዕበል ሲመታው ውሃ እንዳይገባ። የመኪናህ ቱቦ አፉ ወደ ላይ ወይም ወደ ፊት ዞሮ ከሆነ አንተም እንዲሁ አዙረው። በክረምት ከጎማው የሚረጨው ውሃ አይገባም።

ስለ 5ቱ ብሎን አንድ ነገር ልበል። ቀዳዳዎቹን ልብ ብለህ እያቸው። ብዙ ጊዜ ርቀታቸው እኩል አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። ክዳኑ በአንድ አቅጣጫ ብቻ እንዲገጥም ነው፤ የጌጁ ተንሳፋፊ ከታንኩ ግድግዳ እንዳይጋጭ። አዲስ ጋስኬት ስትቆርጥ ቀዳዳዎቹን ከክዳኑ ላይ ገልብጥ እንጂ በግምት አትብሳ። ያልገጠመ ቀዳዳ ውስጥ ብሎን በግድ ከገባ ጎማው ይሸበሸባል፤ በሽብሻቡ ይወዛል።

ብሎኖቹ ራሳቸውም መፍሰሻ ናቸው። ቀዳዳው እስከ ታንኩ ውስጥ ካለፈ ናፍታ በብሎኑ ጥርስ እየተሳበ ይወጣል። ጋስኬቱ ደህና ሆኖ ሳለ «አሁንም ይወዛል» የሚባለው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው። ከብሎኑ አናት ስር የመዳብ ሮንዴላ (ቀለበት) አድርግ። ጥርሱን ደግሞ የማይደርቀውን ቡናማ የጋስኬት ማሸጊያ በስሱ ቀባው፤ ነዳጅ የሚችለውን።

የመጨረሻው ይሄ ነው፦ ክዳኑን ከማሰርህ በፊት ታንኩን እሰር። ጀልባ ላይ ታንክ ከተንቀሳቀሰ ማንኛውም ክዳን ይለቃል። የመኪናህን ታንክ የያዙትን ሁለት የብረት ቀበቶዎች ነቅንቃቸው። ከስራቸው ያለው የላስቲክ ምንጣፍ አልቆ ከሆነ፣ ታንኩ በየጉድጓዱ ይጠማዘዛል። ክዳኑም አብሮ ይጠማዘዛል።

መሐልሜዳ_ወፍጮ

እኔም እህታችሁ መንዝ መሐል ሜዳ የናፍታ ወፍጮ አለኝ። የኛ ችግር ውሃ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ጠዋት ፊልትሮውን ስንከፍት ውሃ እናገኛለን። ክዳኑ አይወዛም፤ ታንኩም ጣሪያ ስር ነው ያለው። ውሃው ከየት ነው የሚመጣው?

ደብረሲና_መምህር

እትዬ፣ ከአየሩ ነው። ታንኩ ግማሽ ከሆነ ግማሹ አየር ነው፤ አየር ውስጥ እርጥበት አለ። ሌሊት ላሜራው ሲቀዘቅዝ እርጥበቱ ጤዛ ሆኖ ይንጠባጠባል። ውሃ ከናፍታ ይከብዳልና ታች ይተኛል። ታንኩንም ከታች ያዝገዋል፤ በውሃውና በናፍታው መካከል ደግሞ ባክቴሪያ ይራባል፤ ጥቁር ዝቃጭ የሚያመጣው እሱ ነው። ማታ ሥራ ሲያበቃ ታንኩን ሞላ አድርገው ያሳድሩት፤ ለመስፊያ ትንሽ ቦታ ትተው። ከታች የማጠንፈፊያ ብሎን ካለው ጠዋት ጠዋት ከማስነሳትዎ በፊት ትንሽ ያፍስሱ።

መሐልሜዳ_ወፍጮ

እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ከነገ ጀምሮ ማታ እሞላዋለሁ።

የድሮ_መካኒክ

ቃሌን ልጠብቅ። ልጄ፣ ሥራውን እንዲህ ሥራው።

ታንኩ ከግማሽ በታች ሲሆን ጀምር። ሲጋራ፣ ከሰል፣ የጀበና እሳት አጠገብ አይኑር። የባትሪውን ገመድ ንቀል፤ ጌጁ የኤሌክትሪክ ሽቦ አለው። ክዳኑን ከመክፈትህ በፊት ዙሪያውን በሳሙና እጠብና አድርቅ። አለበለዚያ ያ ሁሉ ጭቃ ታንኩ ውስጥ ነው የሚገባው። ክዳኑና ታንኩ ላይ በምስማር ጫር አድርገህ ምልክት ተው፤ ስትመልሰው ምልክቶቹ ይገናኙ።

አሮጌውን ሲሊኮን በእንጨት ወይም በፕላስቲክ ፍቀው። የፍሌሲብል (የመፍጫ ማሽን) ድንጋይ እንዳታስነካው፤ ብልጭታም አለው፣ ብረቱንም ያጎድፈዋል። ፍቅፋቂው እንዳይገባ ቀዳዳውን ንጹሕ ጨርቅ ወትፍበት፤ ስትጨርስ ጨርቁን ማውጣት እንዳትረሳ።

ከዚያ ዋናው ነገር። የብረት ማስመሪያ ክዳኑ ላይ በጠርዙ አቁምና ወደ ብርሃን እየው። ብሎን ያለበት ቦታ ጎድጎድ ብሎ፣ በመካከሉ ብርሃን ካሳለፈ፣ ክዳኑ ታጥፏል ማለት ነው። ይሄ የሚመጣው ሲወዛ ጊዜ «ጠበቅ አድርገው» እየተባለ ነው። በተጠበቀ ቁጥር ክዳኑ ብሎኑ ጋ ይሰረጉዳል፣ በመሃል ይነሳል፣ የባሰ ይወዛል። ክዳኑን ከታንኩ አርቀህ፣ ጠፍጣፋ ብረት ላይ አድርገህ፣ በቀስታ በመዶሻ አቅናው።

ጋስኬቱን ደረቅ አድርገህ አስቀምጥ። ማሸጊያ መቀባት ካማረህ በጣም ስስ ይሁን። 5ቱንም ብሎን በእጅህ አስገባ፤ አንዱንም አስቀድመህ አታጥብቅ። ከዚያ እያፈራረቅክ፣ አንዱን ስታጠብቅ ቀጥሎ ከፊት ለፊቱ ያለውን፣ በትንሽ በትንሹ። ጎማው በጠርዙ እኩል ብቅ ማለት ሲጀምር አቁም። ወደ ውጭ ተንዘላዝሎ ከወጣ አልፎታል። አንድ ሰዓት ቆይተህ እንደገና ዳስሳቸው፤ ጎማው ስለሚረጋ ትንሽ ይላላሉ። ከመጀመሪያው ምልልስ በኋላም እንዲሁ።

የአንድ ብሎን ጥርስ አልቆ ከሆነ ወፍራም ብሎን በግድ አታስገባ። ጥርስ አውጪ ያለው ሰው በእጅ ያውጣልህ፤ መሣሪያው ቅባት ይቀባ፣ ብናኙ ቅባቱ ላይ እንዲቀር።

ብረት_በብረት

ጋሼ ገብቶኛል፤ የብየዳውን ነገር ትቻለሁ። ግን ከጨረሰ በኋላ እንዴት ይፈትነው? ጎሚስታ ወስዶ አየር ቢሞላበትስ?

ጣና_ዳር

በፍጹም! የጎሚስታ ኮምፕሬሰር ጎማ ለመንፋት ነው። ታንክ ጠፍጣፋ ላሜራ ነው፤ ግፊት አይችልም። 0.2 ባር ብቻ ብታስገባ፣ 30 በ40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ጎን ላይ ወደ 240 ኪሎ ያርፍበታል። ታንኩ ይነፋል፤ የብየዳው መስመርም ሊቀደድ ይችላል።

ለመኪናው ይሄ ይበቃዋል፦ ክዳኑን ዙሪያውን አድርቅ፣ ነጭ ጠመኔ ቀባው፣ አንድ ጊዜ ተመላለስበት። የወዛበት ቦታ ጠመኔው ላይ ጠቁሮ ይታያል። ከጋስኬቱ ይሁን ከብሎኑ በዓይንህ ትለያለህ።

ሮቢት_ደብረብርሃን

የአገሬ ሰዎች፣ ተመስገን ነው። ያደረግነውን ልንገራችሁ።

መጀመሪያ ፌስታሉን ብቻ አውጥቼ ወረድኩ። ሮቢት ላይ የመሙያውን ስከፍት ዝም። «ፉፉፉ» የለም። ስመለስ ሽታው በግማሽ ቀንሷል። ግን መወዛቱ አልቀረም።

ከዚያ ከረዳቴ ጋር ክዳኑን ከፈትነው። ጋሼ እንዳሉት በሦስቱ ብሎን ዙሪያ ተሰርጉዷል። አቀናነው። ናይትራይሉን ከአዲስ አበባ አስመጣሁ፤ ናፍታ ውስጥ አሳድሬው ከንድፉ አልወጣም። ከጎኑ የጎማ የውስጥ ላስቲክ ቁራጭም ለማየት ብዬ ከትቼ ነበር፤ እሱ በግልጽ አብጦ ነው ያደረው። የቀወቱ ወንድሜ፣ ይሄን እወቅ። የመዳብ ሮንዴላዎቹን አደረግን። አንዱ የታንክ ቀበቶ ላልቶ ነበር፤ ምንጣፉን ቀይረን አጠበቅነው።

በጠመኔ ተመላለስኩበት። አራቱ ብሎን ደረቅ፣ ዙሪያው ደረቅ። አንዱ ብሎን ላይ ብቻ ትንሽ ጠቆር ያለ አለ። እሱን ፈትቼ ማሸጊያውን ደግሜ ቀባሁት፤ አሁን ደህና ነው። ረዳቴም ራስ ምታቱ ቀረለት።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ አለ። ማታ ናፍታ ስለሚሰረቅ የመሙያው ላይ ቁልፍ ያለው ክዳን ልገዛ ነው። ምን ልይ?

የድሮ_መካኒክ

ደግ አደረግህ ልጄ። ቁልፍ ያለው ክዳን ስትገዛ የአሮጌውን ይዘህ ሂድ። መጠኑና የመዝጊያው ጥርስ ይመሳሰል። ከስሩ ያለው ላስቲክ ናፍታ የሚችል መሆኑን ጠይቅ። ከዚያ ገልብጠህ እየው፦ አሮጌው ቫልቭ ካለው አዲሱም ሊኖረው ይገባል። መተንፈሻህ በተለየ ቱቦ ከሆነ ግን ድፍኑም ይሠራል። የቁልፉ ቀዳዳ ላይ የአቧራ መሸፈኛ ያለውን ምረጥ፤ የኛ መንገድ አቧራ ቁልፉን ቶሎ ያደርቀዋል።

ደብረሲና_መምህር

አዲሱን ክዳን ገጥመህ መጀመሪያ ስትወርድ ደብረ ሲና ላይ ቁምና ክፈተው። ከሳበ መልሰህ ለሻጩ ስጠው፤ ሮቢት ድረስ አትሂድበት።